በሰው እጅ ተጽፎ በራስ ስም ስለሚቀርብ ትምህርት

ሰው ከሰው የሚገዛው ነገር ብዙ ነው። እህል ይገዛል፤ ልብስ ይገዛል፤ ጕልበት ያነሰው እንደ ሆነ ባለጕልበት ቀጥሮ እርሻውን ያሳርሳል፤ መጻፍ የማያውቅ እንደ ሆነ ጸሐፊ ከፍሎ ማመልከቻውን ያስጽፋል። በዚህ ሁሉ ነውር የለበትም፤ ሻጭና ገዥ በግልጥ የሚስማሙበት፥ ሦስተኛም ሰው የማይታለልበት ነውና። ነገር ግን በገንዘብ ከማይገዙት ጥቂት ነገሮች አንዱ ዕውቀት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው መጽሐፍ ሊገዛ፥ መምህር ሊቀጥር፥ ልጁንም ወደ ሩቅ አገር ሊልክ ይችላል፤ መማሩን ግን ሌላ ሰው ሊማርለት አይችልም። ሌላ ሰው መድኃኒቱን ቢውጥለት በሽተኛው እንደማይፈወስ ሁሉ፥ ሌላ ሰው ቢደክምለትም ተማሪው አልተማረም።

ይህ ለሁሉ ግልጥ ሆኖ ሳለ፥ በዛሬው ዘመን በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ የትምህርት ድካም እንደ ሸቀጥ የሚሸጥበት ገበያ ቆሟል። ተማሪዎች አሳይመንት ብለው የሚጠሩትን የቤት ሥራ፥ ከዚያም ከፍ ሲል ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የሚቀርበውን ጽሑፍ፥ አንዳንዶቹ በዋጋ ተስማምተው ለሌላ ሰው ያስጽፉታል፤ ስማቸውንም በላዩ አኑረው ለመምህራቸው ያስረክቡታል። በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባሉ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች፥ በየምሰሶው በተለጠፉ ወረቀቶች፥ ከሁሉም ይልቅ በቴሌግራም፥ የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን የሚል ማስታወቂያ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ማማከር የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው ሥራ ግን ርእስ ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ገጽ ጽፎና ጠርዞ ማስረከብ ነው።

ኢሉባቦር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሩቅ ስለ ሆነ ይህ ገበያ አይደርስበትም ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቴሌግራምን ደንም ወንዝም አያግደውም፤ ማታ በመቱ የተሰጠ የቤት ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ በማግሥቱ ተጽፎ ሊመለስ ይችላል። የመቱ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ በበደሌም የግብርናና የደን ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ከተከፈተ ወዲህ፥ ቀድሞ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው የአገሩ ልጅ በደጁ ለመማር በቅቷል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። አሁንም የምንጽፈው አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው ለይተን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገሩ የአገር ሁሉ፥ እንዲያውም የዓለም ሁሉ ነው። ኢሉባቦርን ምሳሌ ያደረግንበት ምክንያት ግን፥ የትምህርት ፍሬ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ መሆኑ የሚገለጠው በምረቃ አዳራሽ ሳይሆን፥ ተመራቂው ለሥራ በሚሄድባቸው በኖፓ፥ በጎሬ፥ በቡሬ፥ በያዮና እነዚህን በመሳሰሉት ከተሞች ስለ ሆነ ነው።

በትልቅ ከተማ አንዱ ባለሙያ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል፤ በሽተኛውም ካንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ለመሄድ ይችላል። በትንሽ ከተማ ግን ብዙ ጊዜ ነርሱ አንድ፥ የግብርናው ባለሙያ አንድ፥ የሒሳብ መምህሩም አንድ ነው። ያ አንዱ ሰው በዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ መድኃኒት መጠን የተሰጠውን የቤት ሥራ በሁለት መቶ ብር አስጽፎ አልፎ እንደ ሆነ፥ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን በሌሊት በቃሬዛ የመጣችው ወላድ ናት። መምህሩ ያላሰላውን ሒሳብ በሌላ ሰው እጅ አሰልቶ አልፎ እንደ ሆነ፥ ዕዳውን የሚከፍሉት ከእርሱ ተምረው ወደ ፈተና የሚሄዱት ሕፃናት ናቸው።

የኢሉባቦር ሰው የሚኖርበትን የቡናን ነገር እንመልከት። የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ዓ.ም. ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀ ሲሆን፥ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ እያጠቈረ የሚያረግፍ ነው። ይህን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ለገበሬው የተገኘው፥ በጅማ ያሉ የቡና ተመራማሪዎች በየጫካው እየዞሩ፥ ዛፉን ካንዱ ዛፍ እያመዛዘኑ፥ ዓመት ከዓመት በትዕግሥት ስለ ደከሙ ነው። እነዚያ ሰዎች ድካማቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ፥ ወረቀቱ ባማረ ነበር፤ ቡናው ግን በረገፈ ነበር። እንግዲህ ነገ በያዮ ደን ዳር ቆሞ ገበሬው ቅጠሉንና ፍሬውን ይዞ ሲጠይቀው፥ ስለ ቡና በሽታ የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ያስጻፈ ባለሙያ ምን ይመልሳል? ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ዕውቀቱ ግን በጻፈለት ሰው ዘንድ ቀርቷል።

በዚህ ነገር ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች የትምህርት ማስረጃ ሲመረመር ሐሰተኛ ዲፕሎማና ሐሰተኛ ዲግሪ መገኘቱ በየጊዜው ተነግሯል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ለማወቅ መንገድ አለ፤ ማኅተሙን ማየት፥ ቍጥሩን ካስተማረው ትምህርት ቤት መዝገብ ጋር ማመሳከር ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግም ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጀውንና የሚገለገልበትን ይቀጣል። አሁን የምንነጋገርበት ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፤ ፊርማው እውነተኛ ነው፤ መዝገቡም ይመሰክራል፤ ሐሰተኛው ሰውየው ነው። ወረቀትን ከወረቀት ጋር የሚያመሳክር መርማሪ ሺህ ጊዜ ቢደክም ይህን ሊያገኘው አይችልም። በዚሁ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም ሥራው ያለ ፈቃዱ ለተወሰደበት ደራሲ የሚቆም ነው፤ በዚህ ንግድ ግን ጸሐፊው ወዶ ሽጧልና ተበደልሁ ብሎ የሚጮኽ የለም። ስለዚህ በደሉ ከሳሽ የሌለው በደል ነው።

ከሳሽ የለም ማለት ግን የተበደለ የለም ማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ከተጀመረ ወዲህ፥ ተማሪው ወደሚፈልገው የትምህርት ክፍል ለመግባት በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ውጤት ይታይለታል። በክፍሎቹ ያለውም ቦታ የተቈጠረ ነው። እንግዲህ ከገጠር የመጣች የድኻ ልጅ መብራት እየጠፋባት፥ እንግሊዝኛውም እየከበዳት፥ በራስዋ እጅ የጻፈችው ሥራ አማካይ ነጥብ ሲያገኝ፥ አጠገብዋ የተቀመጠው ባለገንዘብ በሰው እጅ ያስጻፈው ሥራ ከፍተኛ ነጥብ ቢያገኝ፥ ቦታውን የወሰደው ማን ነው? በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላል የአገራችን ሰው፤ በዚህ ግን በሰው ወርቅ የደመቀው ሰው ባለወርቁን ከአደባባይ ያስወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ያች ልጅ ከዚህ የምትማረው ትምህርት ነው፤ በሚመጣው ዓመት እርስዋም ከአባትዋ የመጣላትን ጥቂት ብር ለጸሐፊ ለመክፈል ትገደዳለች።

ተማሪው በራሱ ብቻ ሲቆም ምን እንደሚታይ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2008 ዓ.ም. ከመሰጠቱ አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ስርቆትን ለመከላከል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሩት ከመቶ 62 ያህሉ፥ በግል ትምህርት ቤቶች ከተማሩት ግን ከመቶ 17 ያህሉ አለፉ። የወደቀው ሁሉ የቤት ሥራውን በገንዘብ ያስጻፈ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ማለት ግፍ ይሆናል። የመጻሕፍት ማነስ፥ የጦርነትና የበሽታ ዘመን፥ የመምህራንም እጥረት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እነዚህ ተማሪዎች ሁሉ ለመውጫው ፈተና የደረሱት የየዓመቱን የቤት ሥራና ምዘና አልፈናል ተብለው ነው። ያለፉበት ምዘና ሌላ፥ ያሉበት ዕውቀት ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ገደልም መመርመር ያሻዋል።

የመውጫ ፈተናው መልካም በር ጠባቂ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ተማሪው የሚያውቀውን በከፊል ያሳያል እንጂ፥ ነገርን ከነገር አያይዞ ለመጻፍ፥ የተቃራኒውን አሳብ ሰምቶ ለመመለስ፥ ያልታወቀን ነገር ፈልጎ ለማግኘት መቻሉን አያሳይም። አንድ የወረዳ ሹም የሚጽፈው ዘገባ፥ አንድ ዳኛ የሚጽፈው ፍርድ፥ አንድ ሐኪም የሚጽፈው የበሽተኛ ታሪክ ምርጫ የለውም። ይህን ችሎታ የሚሰጠው ያ የተናቀው የቤት ሥራ ነው። የቤት ሥራ ማለት ነጥብ የሚገኝበት ወረቀት ሳይሆን አእምሮ የሚሠለጥንበት ልምምድ ነው፤ ልምምዱን የሸጠ ሰው ክንዱን ሸጦ ጋሻውን እንደ ያዘ ወታደር ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ይህን ለምን ያደርጋል ብለን እንጠይቅ፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መቅጣት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት ነውና። አንደኛው ምክንያት የቋንቋ ነገር ነው። ልጁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ ነገሩን እያወቀው ቃሉ ይጠፋዋል፤ ቃል የጠፋውም ሰው ቃል ወደሚሸጥለት ይሄዳል። ሁለተኛው የብዛት ነገር ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ሲታጨቅ መምህሩ ወረቀቱን ሁሉ ለማንበብ አይደርስም፤ ያልተነበበ ወረቀትም ማን እንደ ጻፈው ማን ይጠይቃል? ሦስተኛው፥ ያው አንዱ ጥያቄ በየዓመቱ ሳይለወጥ መሰጠቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ በኮፒ ቤት ተደርድሮ ይጠብቃል። አራተኛው፥ አገር ሁሉ ከዕውቀት ይልቅ ወረቀትን ማክበሩ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሎ የተነገረው ለዚህ ነበር፤ ዛሬ ግን መጠምጠሚያው ቀድሞ መማር ወደ ኋላ ቀርቷል።

በዚህ በአራተኛው ምክንያት ላይ ሹማምንት አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲቆዩ እንለምናለን፤ ነገሩ እኛኑ ይነካልና። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጽፈው ወጣት ተማሪ ብቻ አይደለም። በማታና በሳምንት መጨረሻ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር፥ ቀን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሚውል ጐልማሳም አለበት። ጊዜ የለውም፤ ገንዘብ ግን ከተማሪው ይሻላል፤ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪም በዲግሪው ይጠብቀዋል። ዕውቀቱን ሳይሆን ማዕርጉን ፈልጎ ወደ ትምህርት ቤት የገባ ሰው፥ የሚያስጽፍበት ቦታ እንደሚፈልግ ግልጥ ነው። አለቃው በገንዘብ ባስጻፈው ጽሑፍ ዲግሪ እንዳገኘ የሚያውቅ የበታች ሠራተኛ፥ ስለ ሌብነት ክፋት ከዚያ አለቃ የሚሰማውን ምክር በምን ጆሮ ይሰማዋል? ምንጩ ሳይጠራ ወንዙ አይጠራም።

ወደ ጸሐፊዎቹ ስንመለስ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። ብዙዎቹ ተምረው ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም መምህራን ናቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዛችን አልበቃንም ብለው በ2015 ዓ.ም. ድምፃቸውን ማሰማታቸው የታወቀ ነው። ችግር ግን በደልን ያስረዳል እንጂ አያጸድቅም፤ ራሱ የሚያርመውን ጽሑፍ ራሱ ጽፎ የሚሸጥ መምህር ሚዛኑን እንደ ሸጠ ዳኛ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ይህ ንግድ እጅግ ሰፍቶ፥ በናይሮቢ የሚኖሩ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ተማሪዎች እየጻፉ እንደሚተዳደሩ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 የወጣና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ፓትሪሻ ኪንጎሪ ያሉበት አንድ ፊልም ለዓለም አሳይቷል። የተማረው በድህነት ስሙ ሳይጠራ ይቀራል፤ ያልተማረው በማዕርግ ይጠራል። አፍሪካ ልጆችዋ የሚጽፉትን ዕውቀት በርካሽ ሸጣ፥ በዚያው ዕውቀት የተመረቁትን ባዕዳን በውድ ዋጋ አማካሪ አድርጋ ብትቀጥር ከዚህ የበለጠ ኪሳራ የለም።

ሌሎች አገሮች ለዚህ በደል ሕግ አውጥተዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኒውዚላንድ በ2011፥ አየርላንድ በ2019፥ አውስትራልያ በ2020፥ እንግሊዝ በ2022 በየሕጋቸው ይህን አገልግሎት መሸጥና ማስታወቅ ወንጀል አድርገውታል። አውስትራልያ እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚደርስ ቅጣት ደንግጋለች። በእነዚህ ሕጎች የሚደነቀው፥ ቅጣቱ በወጣቱ ተማሪ ላይ ሳይሆን በነጋዴው ላይ መቆሙ ነው፤ ተማሪውን ትምህርት ቤቱ በሥርዓቱ ያርመዋል። ለአገራችንም እንዲህ ያለ ሕግ ቢታሰብበት መልካም ነው፤ ቢያንስ ማስታወቂያው በየምሰሶው በድፍረት እንዳይለጠፍ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያም ብቻውን አይበቃም። የተቀዳ ጽሑፍን ለማወቅ የተሠሩት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች አዲሱን ጽሑፍ ከቀድሞው ጋር የሚያመሳክሩ ናቸው፤ በገንዘብ የተጻፈው ግን ለገዥው ብሎ አዲስ የተጻፈ ስለ ሆነ ከመሣሪያው ያመልጣል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቻት ጂፒቲና እርሱን የመሰሉ መኪናዎች ለማንም ሰው በደቂቃ ሲጽፉ፥ የሰው ጸሐፊ መቅጠር እንኳ አላስፈላጊ እየሆነ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ የሚመረምር ሁሉ ከእንግዲህ ወዲያ ይሸነፋል። መመርመር የሚገባው ሰውየው ነው።

ይህንስ እንዴት እናደርጋለን ብለን ወደ ውጭ አገር ከመላካችን በፊት ወደ ገዛ ቤታችን እንመልከት፤ ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በዋሸራ ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ ሥርዓት በሚያስተምር የቅኔ ቤት፥ ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚበዝኁ፥ ወደ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስና እስከ ዕጣነ ሞገር ሲወጣ፥ ቅኔውን ብቻውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይነግራል። መምህሩም ይሰማል፤ ያርማል፤ ይህን ቃል ለምን በዚህ አገባብ አገባኸው፥ ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ ወዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። የሰው ቅኔ ይዞ የገባ ተማሪ ቢኖር በሁለተኛው ጥያቄ ይያዛል። ቅኔም የአንድ ቀን ነው፤ ትናንት የተነገረው ዛሬ አይደገምምና ከገበያ ተገዝቶ የሚቀመጥ አይደለም። መረዳዳትም አልተከለከለም፤ አስነጋሪው የጀማሪውን ቅኔ አስቀድሞ ሰምቶ ያቃናለታል፤ ነገር ግን በእርሱ ፋንታ በመምህሩ ፊት አይቆምለትም። በመርዳትና በመተካት መካከል ያለው ድንበር ይህ ነው።

አባታችን ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ልጁን በእጁ ዳስሶ አመነ እንጂ፥ ድምፁን በሰማ ጊዜስ ተጠራጥሮ ነበር። የዚያ ታሪክ ምሥጢር ለሊቃውንት ይቆየን፤ ለመምህር ግን ግልጥ ምክር ይገኝበታል። ወረቀት የሚዳስስ ይታለላል፤ ድምፅ የሚሰማ ይለያል። የቡና ነጋዴም ይህን ያውቃል፤ በጆንያው ላይ በተጻፈው አያምንም፥ ቡናው ተቈልቶ፥ ተፈልቶ፥ በቀማሽ ምላስ ተመዝኖ ደረጃው ይወሰናል። ለጆንያ ቡና ያደረግነውን ጥንቃቄ ለሰው ልጅ ዕውቀት መንፈግ አይገባንም።

እንግዲህ በዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን የቤት ሥራን ከተቀበሉ በኋላ ተማሪውን ስለ ጻፈው ነገር በቃል ይጠይቁት እንላለን። ስድሳ ተማሪ ያለው መምህር እያንዳንዱን ዐሥር ደቂቃ ቢጠይቅ ዐሥር ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህ እንደሚከብድ እናውቃለን። ነገር ግን ከስድሳው ዐሥሩን በዕጣ አውጥቶ ቢጠይቅ የሚፈጅበት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ስድሳውም ይዘጋጃሉ። ተማሪው ቢፈልግ በሚቀናው ቋንቋ፥ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፥ ያስረዳ፤ የሚፈለገው ነገሩን ማወቁ እንጂ የምላሱ ቅልጥፍና አይደለምና። አድልዎ እንዳይኖር ሰሚዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ ጥያቄውና መልሱም ባጭሩ ይመዝገብ። ዓይነ አፋር የሆነ ተማሪ በመጀመሪያው ቢደናገጥ ሁለተኛ ጊዜ ይሰጠው።

ጥያቄውም ከአገሩ የወጣ ይሁን። ስለ ገበያ የሚማር ተማሪ በመቱ ገበያ የእህልን ዋጋ አራት ሳምንት ይከታተል፤ ስለ ውሃ የሚማር የሶርን ወንዝ ውሃ ይመርምር፤ ስለ ቡና የሚማር በኖፓ ካሉ ገበሬዎች የሰማውን ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክር፤ ያየውንም በየሳምንቱ በእጁ ጽፎ ያሳይ። እንዲህ ያለው ሥራ በአዲስ አበባ በተቀመጠ ጸሐፊ ተጽፎ ሊመጣ አይችልም፤ መኪናውም የኖፓ ገበሬ ትናንት የተናገረውን አያውቅም። የመመረቂያ ጽሑፍም በመጨረሻው ቀን ተጠርዞ የሚቀርብ ሳይሆን፥ ርእሱ፥ ረቂቁ፥ የተሰበሰበው ማስረጃ በየደረጃው እየታየ ቢሄድ፥ ከውጭ ተገዝቶ የሚገባበት በር ይጠባል። እንግሊዝኛው ለሚከብደውም ተማሪ ያለ ክፍያ የሚያቃናለት፥ የማይጽፍለት ረዳት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይኑር፤ ለደከመው ምርኵዝ ሳንሰጥ ለምን ተደገፍህ ብሎ መቅጣት ፍርድ አይደለምና።

ቅጣቱም በልክ ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ተማሪ ሥራውን እንደገና በራሱ ይሥራ፤ ተግሣጽም ይቀበል። ደግሞ ደጋግሞ የተገኘ ግን ይታገድ። የሸጠ መምህር ቢገኝ ከገዛው ተማሪ ይልቅ ይጠየቅ። መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛ ሲቀጥሩና ሲያሳድጉ በዲግሪው ብቻ አይርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፍህን በዐሥር ደቂቃ አስረዳን ብሎ መጠየቅ ገንዘብ የማይፈጅ ፈተና ነው። ይህ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ልማድ ቢሆን ገበያው ያለ ፖሊስ ይፈርሳል፤ የማያስረዳውን ወረቀት ማን ይገዛል? የነፍስ አባቶችም ለልጆቻቸው የሰውን ድካም በራስ ስም ማቅረብ የሰውን ከብት ከመንዳት የማይለይ መሆኑን በግልጥ ቢያስተምሩ፥ ሕግ በማይደርስበት ይደርሳሉ። ወላጆችም ልጃቸውን ስንት አገኘህ ብለው ብቻ ሳይሆን ምን ተማርህ ብለው ቢጠይቁ ብዙ ይጠቅማሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ይጠይቃል፤ መምህሩን ያደክማል፥ ተማሪውን ያደክማል፥ ሹሙንም ያደክማል። ነገር ግን ድካሙን የምንሸሸው እኛ ብንሆንም፥ አንድ ቀን በአንዲት ትንሽ ከተማ ሕመም ይዞት ወይም ፍርድ ፈልጎ ወይም ልጁን ይዞ የሚመጣ ድኻ ሰው በእኛ ፋንታ ይደክምበታል። እርሱ የዲግሪውን ወረቀት ማንበብ አይችልም፤ የሚያነበው የሰውየውን እጅ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ማኅተሙም ሰውየውም እውነተኛ ሆነው እንዲገኙለት ዛሬ በየበኩላችን መትጋት ግዴታችን ነው።